ስማቸው ያልታወቀ አዛውንት

የካ አባዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ ኃይሉ፣ ጎተንበርግ

በጌታ ሰላም ሰላም እልዎታለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እኔና እማዬ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ የሴቶች ጸሎት አላስታጎለችም። "ኃይሉ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ በይልኝ" ብላለች።

የድምፅ መልእክት አትላኪልኝ ያሉኝን አልረሳሁም። ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሲሰማ የሚውል ሰው ጸጥ ያለ ደብዳቤ ቢወድ አይፈረድበትም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ ነገሩ ግን ጸጥ ያለ አይደለም።

"ዳገት" ያልኩትን ሥራዬን ያውቁታል። ለዶክትሬቴ የጀመርኩት፣ ያለ አንዳች መሣሪያ በሰው ትንፋሽ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ነው። እንጦጦን በሚወጡ ሰዎች ኮሌታ ላይ ትንሽ ማይክ እየሰካሁ ትንፋሻቸውን ቀዳሁ፤ ቅጠል ሊለቅሙ የሚወጡ እናቶችን፣ ጠዋት የሚሮጡ ልጆችን፣ ለጸሎት ወደ ጫካው የሚወጡ የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች። አባዬም ከማረፉ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ዳገቱን የወጣው ማይኬን ኮሌታው ላይ አድርጎ ነው። እማዬ ያኔ "ያን ሁሉ ዓመት ፒያኖ የተማርሽው ሰው ሲያለከልክ ለመቅዳት ነው?" ብላ ስቃብኛለች።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊና አማካሪዬ ዶክተር ሠረቀብርሃን ግን አልሳቀም። የቀዳሁትን ሁሉ "ልይልሽ" ብሎ ወሰደ። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ከማስገባቴ በፊት በራሱ ስም ውጭ አገር አሳተመው። እኔ ሳስገባ እሱ የመረጣቸው ሦስት ሰዎች ተሰብስበው "ከእሱ ገልብጣለች" አሉኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኼ ነው። መቅጃው የኮሌጃችን፣ ከንብረት ክፍል ያስወጣው ፊርማም የእሱ ነው። ቅጂው እኔም ጋ አለ ብል፣ "ከቢሮዬ ኮምፒውተር ወስዳ ነው" አለ። እዚያው ከማስተማር ሥራዬም ከትምህርቴም ድምፅ ሳይሰማ ተባረርኩ። አሁን መሪ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ኪቦርድ አስተምራለሁ።

ለምን አሁን እንደጻፍኩልዎ ልንገርዎ። በመጋቢት እናንተ ከተማ በሚደረገው የአዲስ ሙዚቃ ፌስቲቫል "ዳገት" ይቀርባል። አቅራቢው ሠረቀብርሃን ነው። አዳራሹ ደግሞ እርስዎ የድምፅ ባለሙያ ሆነው የሚሠሩበት ነው። እውነቱን ለአዘጋጆቹ ጽፌ አያይዣለሁ፤ በስዊድንኛ አድርገው በእጅዎ ይስጡልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

የወንድምዎ ልጅ
ማዕዶት ጸሐዬ


ጎተንበርግ፣ ጥር 6 ቀን 2017

ለልጄ ለማዕዶት

ሰላምን የሚሰጥ ጌታ ከአንቺና ከእናትሽ ከእትዬ ዘውድነሽ አይለይ። እኔ ስሙ ይክበርና አለሁ። መልሴ ዘገየ፤ በገና ሰሞን አዳራሹ ፋታ የለውም።

ጽሑፍሽን ተርጉሜ ለአዳራሹና ለፌስቲቫሉ ኃላፊ ለኢንግሪድ ሰጠኋት። አነበበችውና "የምሁራን ጠብ ውስጥ አንገባም" ብላ መለሰችልኝ። እኔም አልገፋሁም። ለጡረታ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ እዚህ አገር ደግሞ ሠራተኛ ከመስመሩ ሲወጣ አይወዱም።

ልጄ፣ በቀል የጌታ ነው። አንቺ ገና ነሽ፣ ሌላ ሥራ ትሠሪያለሽ። ወንድሜ ጸሐዬ ቢኖር የሚልሽ ይህንኑ ነበር። እሱ ቂም አያውቅም። መዘምራኑን ሲመራ ስንት ነገር ሲደረግበት አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር እንጂ ክፉ አይወጣውም።

የመቃብሩ ሐውልት አለቀ? ፎቶ ላኪልኝ። ቀብሩ ላይ ስላልነበርሁ መሞቱን እንኳ በደንብ አላምንም።

ጸሎቴ አይለይሽም።

አጎትሽ ኃይሉ


የካ አባዶ፣ ጥር 9 ቀን 2017

ውድ ጋሽ ኃይሉ

ጌታ ጤናዎን ያብዛልዎ። ሐውልቱ አልቋል፤ ፎቶው ተያይዟል።

ምክርዎን ለእማዬ አነበብኩላት። "እውነቱን ነው" አለች። ሁለታችሁም ቅዱሳን ናችሁ፤ እኔ አይደለሁም። ጠዋት ለሚኒባስ ተሰልፌ፣ ከአባዶ እስከ መሪ በሰው ትከሻ ተጣብቄ ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ሠረቀብርሃን ሲያፍር ማየት። ሥራዬ ይመለስ ወይስ እሱ ይፈር ብባል የትኛውን እንደምመርጥ አላውቅም። ቂም ይዘሻል ካሉኝ አዎ፣ ይዣለሁ።

በቀል የጌታ ከሆነ፣ ጌታ የሚሠራው በሰው እጅ ነው። በዚያ ቀን የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ የሚሆነው የእርስዎ እጅ ነው። በራሴ ድምፅ የቀዳሁት አጭር ነገር ልኬልዎታለሁ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ትንፋሾቹ አንድ በአንድ ይጠፉና ጸጥ ይላል። እዚያ ጸጥታ ላይ ይልቀቁልኝ። የምለው ይህን ነው፦

"እኔ ማዕዶት ጸሐዬ ነኝ። ይህ ሥራ የእኔ ነው። የሰማችሁት ትንፋሽ የአባቴ ነው። ፊታችሁ የቆመው ሰው ሌባ ነው።"

ካልሆነልዎ አይጻፉልኝ። ምክር ጠግቤያለሁ።

ማዕዶት


የካ አባዶ፣ የካቲት 26 ቀን 2017

ጋሽ ኃይሉ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አይጻፉልኝ ያልኩት እልህ ይዞኝ ነው። ይጻፉልኝ። ሰውዬው በሚመጣው ሳምንት ይበራል፤ ለዚሁ ብሎ አዲስ ሱፍ አሰፍቷል አሉ።

ማዕዶት


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017

ለልጄ ለማዕዶት፣ ጸጋው ይብዛልሽ።

አድርጌዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን በቅደም ተከተሉ ልንገርሽ፤ መቆጣትሽ ስለማይቀር ተቀምጠሽ አንብቢ።

ላደርገው አላሰብሁም ነበር። ድምፅሽን ልሰርዘው ነበር። ሰውዬው ለልምምድ መጣ። ሐበሻ መሆኔን ሲያይ "ወንድሜ" ብሎ አቀፈኝ፤ የማን ወንድም እንደሆንሁ አልነገርሁትም። ኮምፒውተሩን ከፈተ። በአዳራሹ ዙሪያ ካቆምኋቸው ስፒከሮች መጀመሪያ የሴቶች ትንፋሽ መጣ። ከዚያ ከጀርባዬ አንድ ሽማግሌ መጣ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲያስገባ አፍንጫው ያፏጫል። ልጄ፣ ያን ፉጨት አውቀዋለሁ። ጸሐዬ ልጅ ሆኖ ከባሕር ዛፍ ወድቆ አፍንጫው ከተሰበረ ጀምሮ፣ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ እንቅልፍ የነሳኝ ፉጨት ነው። መሞቱን አላምንም ያልሁሽ ወንድሜ ጀርባዬ ቆሞ ይተነፍሳል። ሰውዬው "ድምፁን ትንሽ ቀንስልኝ" ይለኛል፣ እኔ እጄን ማንሣት አቃተኝ።

ሲሄድልኝ የዝግጅቱን መጽሔት አነበብሁ። ስለዚያ ትንፋሽ የተጻፈው "ስማቸው ያልታወቀ የእንጦጦ እንጨት ለቃሚ አዛውንት" የሚል ነው። ጸሐዬ እንጨት ለቅሞ ቢሆን አላፍርበትም ነበር። ስም ግን ነበረው። ይህ ሰው ደግሞ ስሙን ያውቀዋል፤ ልጁን ሲያባርር "ማዕዶት ጸሐዬ" ብሎ ጽፎታል። ያን ቀን ልጸልይ ተንበርክኬ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሥራሽ ድንቅ ነው፤ ይህን እስከ ዛሬ ባለመንገሬ አፍሬያለሁ። ትንፋሾቹ ጠፉ፣ ጸጥ አለ፣ ለቀቅሁት። ከአንድ ስፒከር አይደለም፣ ከሁሉም ነው። የሠረቀብርሃን ፊት አመድ መሰለ። ዞሮ አየኝ፣ እኔም ዓይኔን አልሰበርሁም።

ከዚያ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ማዕዶት፣ አዳራሹ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። እኔ በአማርኛ እየጸለይሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ አንቺ እሱን ብቻ እያሰብሽ ቀዳሽ፤ ሁለታችንም ይህ አልታየንም። ጋዜጣው "የመጨረሻዋ ሴት ጸሎት ልብ ይነካል" አለ። የፌስቲቫሉን ሽልማት ሰጡት፣ አጎንብሶ እጅ ነሣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነብን።

ኃይሉ


የካ አባዶ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ሳላስቀድም በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ተናድጄ ነው።

ቢያንስ በእንግሊዝኛ መቅዳት ነበረብኝ። ስቀዳው የታየኝ የእሱ ጆሮ ብቻ ነው። ሌባ ስለው እስከ አጥንቱ እንዲሰማው ፈለግኩ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ለዚህ አይሆንም። አሁን በገዛ ድምፄ አሸልሜው ተመለሰ። ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ያቺ ሴት ማን ናት ሲባል "የአገር እናት ድምፅ ናት" አለ። እኔ እንኳን የአገር፣ የማንም እናት አይደለሁም።

እማዬ ሬዲዮውን ዘጋችው። ስለ አባዬ አፍንጫ የጻፉትን አነበብኩላት፤ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ "ይቅር በዪው" አላለችኝም።

ማዕዶት


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017

ልጄ ማዕዶት፣ ጌታ ያጽናሽ፤ እትዬ ዘውድነሽንም ጉልበቷን ይማርልኝ።

ደስ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ኢንግሪድ "ዳገት በተቀዳበት ከተማ መቅረብ አለበት" ብላ በጀት አስፈቅዳለች። በሰኔ አዲስ አበባ ይቀርባል። አዲሱ የኮሌጃችሁ ዲን፣ መምህራኑ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ይጠራሉ። ሠረቀብርሃን ነገሩ ሲገባው "የመጨረሻዋን ድምፅ ላውጣት፣ በጸጥታ ቢያልቅ ይሻላል" ብሎ ጻፈላት። እሷ ደግሞ "የተሸለምኸው በእሷ ነው፣ ያለ እሷ አይቀርብም" አለችው። ምን ይበል? ድምፁን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም ቢል፣ ታዲያ ለምን እጅ ነሣህ ትለዋለች።

ይህን የሰማሁት ቢሮዋ ገብቼ ገመድ ስጠግን ነው። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ጌታ ይቅር ይበለኝ ልል አሰብሁና ተውሁት፤ ገና አልጨረስሁም።

ማን ማን እንደተጠራ፣ እሱ የት እንደሚቀመጥ፣ ከስቶ እንደሆነ ሳይቀር ጻፊልኝ።

አጎትሽ ኃይሉ


የካ አባዶ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017

ውድ ጋሽ ኃይሉ፣ ሰላምዎ ይብዛ።

ሠረቀብርሃን ቤታችን መጣ። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። በራችን ላይ ሲደርስ ያለከልክ ነበር፤ ኮሌታው ላይ ማይክ ብሰካለት ጥሩ ድምፅ ይወጣው ነበር።

እማዬ ውሃ ሰጠችው። "ማዕዶት፣ ሁለታችንም ተጎድተናል" ብሎ ጀመረ። "ወደ ማስተማርሽ ትመለሻለሽ። ጽሑፍሽ እንደገና ይታያል። ስምሽም ረዳት ተብሎ ይገባል። ሌላ ቃል ብቻ ቅጂልኝ። ድምፁ ያው የአንቺ ይሁን፣ ፈረንጆቹ ልዩነቱን አያውቁም።"

"የአባቴስ ስም?" አልኩት።

"እሱ ይቅር" አለ። "ሥራው 'ያልታወቀ' በሚለው ጽንሰ ሐሳብ ላይ ነው የቆመው። ስም ከገባ ይፈርሳል።"

እማዬ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችው። ውሃው ገና አላለቀም ነበር። እሱም ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ የዝግጅቱ መጽሔት ታትሞ መጣ። ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? "የመጨረሻው ንግግር በዶክተር ሠረቀብርሃን የተደረሰ፣ ደራሲው ራሱን በሌብነት የሚከስበት ደፋር ጽሑፍ ነው። ስሞቹ የፈጠራ ናቸው። ያቀረበችው ተዋናይት ናት።" ጋሼ፣ እኔ ተዋናይት ሆንኩ። ስሜም የፈጠራ ሆነ። አሁን በአማርኛ ሌባ ቢባልም ያጨበጭቡለታል።

ደከመኝ። ይህ ሰው የተወረወረበትን ድንጋይ ሁሉ ቤት ይሠራበታል። ያቀረበልኝን አሁንም ብቀበልስ? ቢያንስ ከሚኒባስ ሰልፉ እገላገላለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ማዕዶት


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ማዕዶት፣

አትቀበዪ።

እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ኢንግሪድ ከዝግጅት በኋላ ሁልጊዜ የጥያቄ ጊዜ ትሰጣለች። ማይኩ ሲዞር ተቀበዪና ያንኑ የቀዳሽውን ቃል ሳትቸኩዪ ድገሚው። አትሳደቢ፣ አታልቅሺ፣ አንድ ቃል አትጨምሪ። ድምፅሽን ከስፒከር እንደሰሙ ከአፍሽ ይስሙት። የቀረውን ለጆሯቸው ተዪው።

ኃይሉ


የካ አባዶ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017

ውድ ጋሽ ኃይሉ፣ ጌታ የለመኑትን ሁሉ ይስጥዎ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከስቶ እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር፤ አልከሳም። ፊት ለፊት ከዲኑ አጠገብ ተቀመጠ። እኔና እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርን። የሚያውቁኝ መምህራን አይተውኝ አንገታቸውን ደፉ፤ ኃላፊያቸው ነውና አልፈርድባቸውም፣ ግን አልረሳውም።

አባዬ ከጀርባችን ሲመጣ እማዬ ዞር ብላ አየች። ከዚያ እጄን ያዘች፣ ዳገቱን እስኪጨርስ አልለቀቀችኝም።

የኔ ድምፅ ሲመጣ "ሌባ ነው" የሚለው ላይ ሰው ሳቀ። ቀጥሎም አጨበጨበ። ዲኑ "ምን ያለ ድፍረት ነው" ሲል ሰማሁት። ሠረቀብርሃን መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ባለቤትነት ፍልስፍና ተናገረ። ማይኩ ሲዞር ተቀበልኩና ተነሣሁ፣ እማዬም አብራኝ ተነሣች። ያሉኝን ብቻ አልኩ። እኔ ማዕዶት ጸሐዬ ነኝ። ይህ ሥራ የእኔ ነው። የሰማችሁት ትንፋሽ የአባቴ ነው። ፊታችሁ የቆመው ሰው ሌባ ነው።

ጋሼ፣ አጨበጨቡልኝ። ተዋናይቷ መጣች ብለው ነው። ኢንግሪድ ራሷ ተነሥታ እያጨበጨበች "ዶክተር፣ እባክህ አስተዋውቀን" አለችው። "ማዕዶት ናት፣ እናመሰግናታለን" ቢል ኖሮ ዕድሜ ልኬን የእሱ ተዋናይት ሆኜ እቀር ነበር። ይህችን ብቻ ቢል።

አልቻለም። ስሜን በመልካም ከሚጠራ ሞቱን ይመርጣል። እማዬ ወደ መድረኩ መራመድ ስትጀምር ደግሞ ጭራሽ ጠፋበት። "ይቺ ሴት ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ከኮሌጃችን በሌብነት የተባረረች ናት። አስወጡልኝ" አለ፣ ማይኩ ላይ።

ጭብጨባው ቆመ። ከስፒከር የሰሙት የኔ ድምፅ ገና ከሁሉም ጆሮ አልጠፋም ነበር። ዲኑ መጽሔቱን ገልጦ "የተባረረችው ማን ትባላለች?" አለ። አንገታቸውን ከደፉት መምህራን አንዷ፣ ሰርክ የምትባለው፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ "ማዕዶት ጸሐዬ" አለች። "ታዲያ ይህ የፈጠራ ስም ነው?" አለ ዲኑ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ሰርክ ለኢንግሪድ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ጉዳዬ በሌላ ኮሚቴ እንደገና ይታያል፣ እሱ እስከዚያ ታግዷል። ቅጂው በእኔና በአባዬ ስም ይወጣል። ሠረቀብርሃን በኋላ በር ወጣ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ እሱ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሰው ሁሉ ያያል፣ ማንም "ሳበው" አላለውም። ትከሻው ወርዶ ነበር። ጠግቤ አየሁት ጋሼ። ለእርስዎም አየሁልዎ።

የወንድምዎ ልጅ
ማዕዶት


ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017

ለልጄ ለማዕዶት

ስምሽን የመለሰ ጌታ ይመስገን። ስዘገይ ታምሞ ይሆናል ብለሽ እንዳሰብሽ አውቃለሁ፤ ደህና ነኝ።

ሠረቀብርሃን አሁን የሚደብቀው ስለሌለ ጻፈ። "ድምፁን ያለ ፈቃዴ ያስገባው የድምፅ ባለሙያችሁ ነው" አለ። እንደምታውቂው እውነቱን ነው። ኢንግሪድ ጠርታ ጠየቀችኝ፣ አልካድሁም። አዘነች፤ ቢሆንም ደንቡ አይለቅምና ተሰናበትሁ። አትዘኚ፤ የምበላው አላጣሁም። አዲሱ ቅጂ ደርሶኛል፣ የጸሐዬን ስም ሽፋኑ ላይ አየሁት። ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። ፉጨቱ እንደ ድሮው ያናድደኛል።

የማይቀለኝ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየወሩ የጌታ እራት አለ። ሰው ቂሙን ትቶ ነው የሚቀርበው። እኔ ከመጋቢት ጀምሮ አልቀረብሁም፤ ኅብስቱ ሲደርሰኝ አጠገቤ ላለው አሳልፋለሁ። ፓስተር ቢራቱ አይቶ ጠየቀኝ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ሰው አለ አልሁት። እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። እሱ ሲጸልይ እኔ ሠረቀብርሃን በሩን ወደ ውጭ ሲገፋ ነበር የሚታየኝ። ያን ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግርሽም። ልጸጸት ብዬ እጀምራለሁ፣ ትከሻው ወርዶ ነበር የሚለው ጋ ስደርስ ደስ ይለኛል።

የፊታችን እሁድ ልቀርብ ወስኛለሁ። በሙሉ ልቤ ይቅር ልለው እየጸለይሁ ነው። ጸሐዬ ቢኖር ይህን ይወድልኝ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰውዬው አሁን የት እንደሚውል፣ ሰው ሰላም ይለው እንደሆነ፣ ሲያልፍ ይጠቋቆሙበት እንደሆነ አጣርተሽ ጻፊልኝ። ምንም አታስቀሪ። ብቻ ደብዳቤሽ ከእሁድ በፊት አይድረሰኝ።

አጎትሽ ኃይሉ